«ስምንተኛው ሺህ»፦ የክርስቲያኖች የሥነ ፍጥረት እምነት፣ ቆጠራውና የእኛ መጻሕፍት

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በሻሸመኔ ዝናብ ሲዘገይ፣ ልጅ አባቱን ሲያዋርድ ወይም ወንድም ከወንድሙ ጋር በውርስ ሲካሰስ፣ «ስምንተኛው ሺህ ነው» የሚለው አነጋገር ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም አፍ ይሰማል። አንዳንድ ደረሳ ይህን ከቂያማ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይወስደዋል። በቁርኣንም ሆነ በሰሒሕ ሐዲስ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር አልተነገረንም። አነጋገሩ የተወለደው የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ስለ ዓለም መፈጠር ካላቸው እምነት፣ በተለይም በእምነቱ ላይ ከተገነባው የዘመን ቆጠራ ነው። ጎረቤቶቻችን የሚያምኑትን ከሚቆጥሩት ለይተን ካላወቅን፣ የምንስማማበትን እንደ ልዩነት፣ የምንለያይበትን እንደ ቀላል ነገር እያደረግን እናስተምራለን።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን የሚያስተምሩት ከኦሪት ዘፍጥረት ብቻ አይደለም፤ መጽሐፈ ኩፋሌና አክሲማሮስም አሉ። በትምህርቱ መሠረት እግዚአብሔር በስድስት ቀን 22 ፍጥረታትን ፈጠረ። ከእነዚህም መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስ የተባሉት አራቱ ባሕርያት ካለመኖር ወደ መኖር የመጡ ናቸው፤ ከሌላው ፍጥረት ብዙው ከእነርሱ ተገኘ። ዓለም መጀመሪያ አለው፣ ፈጣሪው ግን መጀመሪያ የለውም የሚለው ይህ አቋም የዐቂዳ ሊቃውንታችን ስለ ዓለም ሑዱሥ ከሚያስተምሩት ጋር ይገጥማል። መግጠሙም እንዲሁ የሆነ አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ክርስቲያን ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ ዓለም ዘላለማዊ ነው ባሉ ፈላስፎች ላይ የጻፈው ክርክር ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ ነበር፤ አል-ኪንዲ፣ ኋላም ኢማም አል-ገዛሊ ተመሳሳይ ማስረጃዎችን በራሳቸው መንገድ አቅርበዋል። ስድስቱን ቀናትም በሱረቱል አዕራፍ 54ኛው አንቀጽ እናነባቸዋለን። ስለ ሰባተኛው ቀን ዕረፍት መምህራን ሱረቱ ቃፍ 38ን መጥቀሳቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የክርስቲያን ሊቃውንትም ዕረፍቱን እንደ ድካም እንደማይተረጉሙት አብረው ቢያስታውሱ ፍትሐዊ ይሆናል።

ቆጠራው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው የአዳምና የሔዋን ገድል፣ አዳም ከገነት በወጣ ጊዜ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ቃል እንደተገባለት ይተርካል። አንዱ ቀን አንድ ሺህ ዓመት ነው ተብሎ ስለተተረጎመ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ሆነ። እኛም በሱረቱል ሐጅ 47 በጌታ ዘንድ ያለ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት መሆኑን እናነባለን፤ ሆኖም በሱረቱል መዓሪጅ 4 የተጠቀሰው ቀን መጠኑ 50,000 ዓመት ነውና፣ በአንዱ ብቻ ሒሳብ መሥራት ለእኛ አያስኬድም።

ይህ ቆጠራ ሳናስተውለው በእጃችን ገብቷል። በኒካሕ ውል ላይም ሆነ በመድረሳ የምስክር ወረቀት ላይ «ዓ.ም.» ብለን ስንጽፍ «ዓመተ ምሕረት» ማለታችን ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለው 5500 ዓመት ደግሞ «ዓመተ ፍዳ» ይባላል። ሁለቱ ሲደመሩ ዓመተ ዓለምን ይሰጣሉ። ባሕረ ሐሳብ የተባለው ስሌት ዓመተ ዓለሙን ለአራት አካፍሎ በቀሪው የዓመቱን ወንጌላዊ ያወጣል። ለምሳሌ 2015 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7515 ነበር፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ስለሚተርፍ ዘመነ ሉቃስ ሆነ፣ ጳጉሜንም ስድስት ቀን ሆነች። ይህ ሁሉ ሒሳብ ነው፤ ማንንም ከኢስላም አያስወጣም።

በዚሁ ስሌት ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ ጸልየው እንደነበር በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ይነገራል፤ በእርግጥም ዘመኑ ሊለወጥ አንድ ወር ያህል ሲቀረው በነሐሴ 1500 ሞቱ። ልጃቸው ልብነ ድንግል የነገሡት በስምንተኛው ሺህ ደጃፍ ላይ ነው። በመጋቢት 1521 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊታቸውን የገጠሙበት ሽምብራ ኩሬ ከዛሬዎቹ ሞጆና አዳማ ብዙ አይርቅም። ዓመቱ በክርስቲያኖቹ አቆጣጠር 7021፣ የስምንተኛው ሺህ 21ኛ ዓመት ነበር። ዐረብ ፈቂህ በፉቱሕ አል-ሐበሻ ውስጥ ድሉን በኢማሙ ወገን ዓይን ጽፎልናል። በሌላው ወገን ያለው ምእመን ግን ሲፈራው የኖረው ዘመን ከነመከራው ደረሰ ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም። አነጋገሩ እስከ ዛሬ የጭንቀት ድምፅ የያዘው ከዚያ ዘመን ወዲህ ይመስለኛል። የሽምብራ ኩሬን ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ይህን የጎረቤት ትዝታ ብናውቀው ንግግራችን የበለጠ ጥንቃቄ ይኖረዋል።

የቆጠራው ታሪክ ወደ ራሳችን መጻሕፍትም ይወስዳል። በግእዝ «ወልደ አሚድ» የሚባለው ጊዮርጊስ አል-መኪን ኢብን አል-ዐሚድ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የግብጽ ክርስቲያን ነው። በዐረብኛ የጻፈው ታሪክ የመጀመሪያ ክፍሉ ከዓለም መፈጠር ይነሣል፤ ሁለተኛው ክፍል ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ጀምሮ የሙስሊሞችን ታሪክ የሚተርክ ሲሆን ብዙውን ያገኘው ከኢማም አጥ-ጠበሪ ነው። መጽሐፉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሶ ለኢትዮጵያ የዘመን ሊቃውንት ምንጭ ሆነ።

ጠበሪ ራሳቸው ከአዳም እስከ ሒጅራ ያለውን ዘመን ሲመረምሩ አይሁድ 4,642 ዓመት ከጥቂት ወራት፣ የሩም ክርስቲያኖች 5,992 ዓመት ከጥቂት ወራት እንደሚሉ መዝግበዋል። የልዩነቱ ሥር የሁለቱ ተውራቶች ቁጥር አለመስማማት ነው፤ በዕብራይስጡ አዳም ሤትን የወለደው በ130 ዓመቱ ሲሆን በጽርዑ በ230 ነው። ጠበሪም በበኩላቸው የዓለም ዕድሜ በጠቅላላው 7,000 ዓመት ነው ወደሚለው አስተያየት አዘንብለው፣ ከእስልምና መምጣት በኋላ የቀረው 500 ዓመት ያህል ነው ብለው ነበር። ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማው ይህን ግምት ጊዜው ራሱ እንዳፈረሰው ያለ ማመንታት ጽፈዋል። በስምንተኛው ሺህ የሚሳለቅ ኡስታዝ ይህን ገጽ አስቀድሞ ቢያነብ ይሻለዋል፤ የሰዓቲቱ ዕውቀት በአላህ ዘንድ ብቻ መሆኑን ሱረቱል አዕራፍ 187 የሚነግረው ለጎረቤቶቻችን ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው።

ዛሬ በአዳማ ክርስቲያን ሁሉ በ5500 ያምናል ማለትም ስሕተት ነው። ፕሮቴስታንቱ ጎረቤት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብዙ ነዋሪ ነው፤ ኩፋሌን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ አይቀበልም፣ 22 ፍጥረታት ብሎም አይቆጥርም። ከኦርቶዶክሱ ጋር የሚያስማማው ከምንም መፈጠሩና ፈጣሪው አንድ መሆኑ ነው። ከእኛ ጋር የሚለያዩበትም ሁለቱም አንድ ናቸው። በኦሪት ስለ ሰው አፈጣጠር በብዙ ቁጥር የተነገረውን ቃል ሥላሴን ያመለክታል ይላሉ፤ ዓለም የተፈጠረበትን «ቃል»ም ያልተፈጠረ ወልድ ያደርጉታል። በእኛ ዘንድ «ኩን» የሚለው ትእዛዝ የአላህ ንግግር እንጂ ራሱን የቻለ አካል አይደለም፣ ዒሳም (ዐ.ሰ.) ሱረቱ ኣሊ ዒምራን 59 እንደሚያስረዳው እንደ አዳም በዚያው ትእዛዝ የተገኙ ፍጡር ናቸው። ደረሳው በርትቶ ሊማረው የሚገባው ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ የ5500ው ጉዳይ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ ይበቃል።