የሁለት ሙያ ባለቤት ዋጋ፦ ቅይጡ የጨበጣ ተዋጊ በሚና ጨዋታዎች ታሪክ



የኮምፒውተር ጨዋታ በታሪክ መድረክ ላይ ምን ይሠራል የምትሉ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። የማነሣው ጥያቄ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። ሁለት ሙያ ያለው ሰው በቡድን ውስጥ ዋጋው እንዴት ይተመናል? መዝገቡስ ሥራውን ያየዋል ወይ? ዓመቶቹን የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጠረጴዛ ነው። በ1974 የታተመው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሦስት መደቦች ብቻ ነበሩት፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ካህኑ ጥሩር ለብሶ ይዋጋል፣ ጸልዮም ይፈውሳል፤ ስለዚህ ቅይጥነት ከመነሻው ነበረ። በዓመቱ በወጣው «ግሬይሆክ» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ፓላዲን መጣ፤ በሰይፍ የሚዋጋ፣ እጁን ጭኖም የሚፈውስ። ፓላዲን ለመሆን ግን ከ3 እስከ 18 በሚደርሰው የግርማ ሞገስ ነጥብ ቢያንስ 17 ማግኘት ግድ ነበር። የሁለት ሙያ የመጀመሪያ ዋጋ እንግዲህ ብርቅነት ነበር።

«ኤቨርክዌስት» በ1999 ሲከፈት ዋጋው ተለወጠ። በበይነ መረብ ማንም የፈለገውን መደብ ስለሚመርጥ ብርቅነት ማገጃ ሊሆን አልቻለም። ንድፍ አውጪዎቹ ክፍያውን በጊዜ አደረጉት፤ ፓላዲንና ሬንጀርን የመሰሉት ቅይጦች ደረጃ ለማደግ 40 በመቶ ተጨማሪ ልምድ እንዲያካብቱ ተፈረደባቸው። የልምድ ክፍፍሉ ደግሞ ሸክሙን ለስድስቱ የቡድን አባላት አዳረሰው። ቅይጥን የጋበዘ ቡድን የራሱን ድርሻ ይቀንስ ነበርና ብዙዎች በሩን ዘጉበት። ቅጣቱ በ2001 ተነሣ፤ ጥርጣሬው ግን አብሮት አልተነሣም።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠን በኅዳር 2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ነው፤ ከዚያም ውስጥ ጨበጣ የሚገጥመው ሻማን። በ40 ሰው ዘመቻዎች ቅይጦች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፈዋሽነት ይገፉ ነበር። መጥረቢያ ይዞ ከፊት ልሰለፍ ያለ ሻማን ከንጹሑ ተዋጊ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ከንጹሑ ፈዋሽም ያነሰ ይፈውሳል። በሁለቱም ሚዛን ቀላል ነው።

ታዲያ ጎበዙ ሻማን ምን ያደርግ ነበር? በቅድሚያ ቦታውን ይመርጣል። ዘመቻው በአምስት አምስት ሰው ተከፋፍሎ ስለሚሰለፍና ቶተሙ የሚረዳው የራሱን አምስት ብቻ ስለሆነ፣ ከጨበጣ ተዋጊዎች ጋር መመደብን ይጠይቃል። «ዊንድፊዩሪ» የተባለው ቶተም ለእያንዳንዱ የጓዶቹ ምት 20 በመቶ ተጨማሪ ምት የማግኘት ዕድል ይሰጣል። በሁለተኛ ደረጃ ዓይኑን ከጠላት እጅ አይነቅልም፤ አደገኛ አስማት ሲጀመር በ«ኧርዝ ሾክ» ያቋርጠዋል። በሦስተኛ ደረጃ ማናውን ይቆጥባል፤ ፈዋሹ የወደቀ ዕለት መጥረቢያውን ትቶ ጓዱን የሚያተርፈው በዚያ ቁጥብ ነውና። ዘወትር ሁለቱንም እሠራለሁ ያለ ሁለቱንም ያጣል። ጥበቡ መቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገሩ ማወቅ ነው።

በጥር 2007 «በርኒንግ ክሩሴድ» ሲወጣ ይህ ጥበብ እጅግ ረቀቀ። ሻማኑ በአንድ ጊዜ መትከል የሚችለው አንድ የነፋስ ቶተም ብቻ ነው። የዊንድፊዩሪ ኃይል ግን ቶተሙ ከተነሣ በኋላም ለ10 ሰከንድ ያህል በጓዶቹ መሣሪያ ላይ ይቆያል። ተጫዋቾች ይህን አስተውለው በየ10 ሰከንዱ ሁለት የነፋስ ቶተሞችን እያፈራረቁ መትከል ጀመሩ፤ ቡድኑም የሁለቱንም ጥቅም አገኘ። ሻማኑ በበኩሉ ማናውንና ዕረፍቱን ከፈለ።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው የሚመዛዘኑት በጉዳት መለኪያ ሠንጠረዥ ነበር። ከዊንድፊዩሪ የተገኘው ተጨማሪ ምት በሠንጠረዡ የሚመዘገበው በተዋጊው ስም እንጂ በሻማኑ አልነበረም። ሻማኑ በደከመ ቁጥር የጓዱ መስመር ይረዝማል፤ የእርሱ ግን ባለበት ይቀራል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። የታሪክ ተማሪ ይህን ሊዘነጋ አይገባም፤ የግብር መዝገብም ሆነ የደመወዝ መዝገብ የሚነግረን ጸሐፊው ሊቆጥር የፈለገውን ነውና።

በኅዳር 2008 የመጣው «ራዝ ኦፍ ዘ ሊች ኪንግ» መፍትሔ አበጀ። እንዲህ ያሉት ድጋፎች ለመላው ዘመቻ እንዲደርሱና ከአንድ በላይ መደብ እንዲሰጣቸው ተደረገ። በሚያዝያ 2009 ደግሞ አንድ ተጫዋች ሁለት የክህሎት ድልድል ይዞ እንዲቀያይር ተፈቀደ። ቅይጡ ከመለመን ዳነ። በዚያው ልክ የቦታ ምርጫውና የቶተም ማፈራረቁ ጥበብ ጠፋ። ፍትሕ መጣ፣ ሙያ ሄደ፤ እኔ ለፍትሑ አደላለሁ፤ ሆኖም ኪሳራውን ሳልጽፍ አላልፍም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ተረቱ የድሩን ብዛት ያመሰግናል፤ ድሩን ያስተባበረውን እጅ ግን አያነሣም። እናንተም በየምትሠሩበት መዝገብ ፊት ስትቀመጡ፣ በመጀመሪያ ረጅሙን መስመር ተመልከቱ፤ ከዚያም ያን መስመር ማን እንዳረዘመው ጠይቁ።