«የድሮ ዘፈን ይሻላል» የሚለው ፍርድ ከየት መጣ?

አዲስ አልበም በወጣ ማግስት የሚሰማው አስተያየት የታወቀ ነው። «ሁለት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፣ ሌላው ማሟያ ነው» ይባላል። ቀጥሎ «እንደ ድሮው የለም» ይመጣል። ድምፃዊው፣ ገጣሚውና አቀናባሪው ዓመታት የለፉበት ሥራ ዓርብ ወጥቶ እሑድ ይፈረድበታል፤ ሰኞ ይረሳል።

ወዳጆቼ፣ «ድሮ» የምንለው መለኪያ እንዴት እንደተሠራ ታሪኩን ሳናይ በዚህ መለኪያ መፍረድ አግባብ አይመስለኝም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ከሩቁ እንጀምር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን በአገር ውስጥ የሸክላ ሥራ ለረጅም ጊዜ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። ይህን አጥር የጣሰው በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ዐምሃ እሸቴ ነው። በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ስም አሳትሞ ገበያ ላይ አዋለው። በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ረጃጅም ሸክላዎች እንዳሳተመ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ፣ በሌላው ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ነበር የምትይዘው። የሚታተመው ውጭ አገር ስለነበር ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ አሳታሚው ሁለት ዘፈን ሲመርጥ በደንብ አጣርቶ ይመርጣል። ባንዶቹም በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጫወቱ፣ የትኛው ዘፈን ሰው እንደሚያስነሳና የትኛው እንደሚያስቀምጥ አስቀድመው ያውቁት ነበር። ሸክላ ላይ የሚገባው ዘፈን በወንፊት ያለፈ ነው ማለት ነው።

ያም ሆኖ 103 ሸክላ ማለት ከ200 በላይ ዘፈን ነው። ስንቶቻችን ከእነዚህ ውስጥ ሃያውን በስም እንጠራለን? የቀረውን ጊዜ ራሱ ሁለተኛ ወንፊት ሆኖ አጣርቶታል። «የድሮ ዘፈን» የምንለው እንግዲህ ሁለት ጊዜ የተጣራ ነው። ዛሬ የወጣ አልበም ግን አሥራ ሁለቱንም ዘፈን ይዞ፣ ገና ሳይጣራ ፊታችን ይቆማል። ሁለቱን ማወዳደር ያልተበጠረ እህልን ከተፈጨ ዱቄት ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ከዚያ የካሴት ዘመን መጣ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሰዓት እላፊ አዋጁ የሌሊቱን ሙዚቃ አጠፋው። ዘፈን በመድረክ ተፈትኖ የሚወጣበት መንገድ ጠበበ። በአንጻሩ ካሴት ርካሽ ነው፤ በአገር ውስጥ ይባዛል፤ አሥርና ከዚያ በላይ ዘፈን ይይዛል። አልበም የምንለው አሥር ዘፈን የታጨቀበት ልማድ ሥር የሰደደው በዚህ ጊዜ ነው። እንደ ሮሃ ባንድ ያሉት የብዙ ድምፃውያንን ካሴት አጅበዋል። በኋላ ደግሞ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን የነፋስ መሣሪያዎቹን ቦታ ያዙ። «ማሟያ ዘፈን» የሚባለውም ወቀሳ ከዚሁ ጋር የመጣ ይመስለኛል፤ ካሴቱ ሰፊ ነበርና መሞላት ነበረበት።

ታሪኩ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ዛሬ የምንኮራባቸው ሥራዎች ጥቂት የማይባሉት ትልቅነታቸው የተነገረን ከውጭ ነው።

ማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»ን በ1975 ተጫወተው። የአውሮፓ አድማጭ ያገኘው ግን በ1986 አንድ የቤልጂየም አሳታሚ ሲያወጣው ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒውዮርክ ላይ፣ በ1972 ደግሞ እንደገና እዚያው አልበም ሠርቷል። አምስቱን ድምፅ ቅኝታችንን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ያዋሐደበት ሥራ ዓለም ላይ የናኘው ግን በ2005 ጂም ጃርሙሽ ለፊልሙ ከመረጠው በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አሮጌ ሸክላዎቻችንን ባያሰባስብ ኖሮ፣ ስንቱ ሥራ ሰብሳቢ ቤት ቀርቶ ነበር?

ከሁሉም የሚገርመኝ የኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ የቀረው ኃይሉ፣ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት አወጣ።  ኃይሉም ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። በ2013 አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እንደገና ሲያሳትመው፣ ያ ሥራ ከ28 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተደመጠ። በ2018 ደግሞ ኃይሉ አዲስ አልበም ይዞ መጣ። እነዚያ 28 ዓመታት በከንቱ አለፉ፤ ማን ይመልስለታል?

ወደ ቅርቡ ልምጣና እንደ አንድ አድማጭ የራሴን ልበል።

የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የ2001 አልበም በቢል ላስዌል አዘጋጅነት እነ ኸርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን አሳትፏል። ስማቸው ከባድ ነው፤ አልበሙን የሚሸከመው ግን የእሷ ድምፅ ነው። እነዚያ ታላላቆች ቦታ ለቀውላት ዳር ዳር ይጫወታሉ። ለእኔ እስካሁን ያላረጀ ሥራ ነው።

ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ሮክ በአማርኛ ይሆናል ወይ የሚለውን ጥያቄ መለሰ። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ጉልበት ቅኝቱን አልዋጠውም። የምነቅፈው ድምፃውያኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሙሉ ኃይል መዝፈናቸውን ነው፤ ጆሮ የሚያርፍበት ቦታ ያንሳል።

የሮፍናን «ነጸብራቅ» (2018) የኮምፒውተር ምት የአገር ቤት ዜማን መሸከም እንደሚችል አሳይቷል። አንዳንድ ቦታ ምቱ ግጥሙን ቀድሞ ይናገራል። ሆኖም ከእሱ በኋላ «ኤሌክትሮኒክ የእኛ አይደለም» ማለት ከባድ ሆኗል። የካስማሰ «ማለዳ» (2022) ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አይጮህም። ጨዋታ የሚመስል ዝግ ያለ አነጋገር፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስሜት። ለመጨፈር የከፈተው ሰው ያዝናል፤ ቁጭ ብሎ የሰማው ግን ይጠቀማል።

ቴዲ አፍሮ በ2017 «ኢትዮጵያ»ን ሲያወጣ አልበሙ የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ በአንደኝነት ያዘ። እኔ ያየሁት ክርክር ግን በአብዛኛው ስለ ስሙና ስለ ፖለቲካው ነበር። ስለ ቅንብሩ፣ ስለ ዜማው አካሄድ የተጻፈ ለማግኘት ብዙ መፈለግ ነበረብኝ። በዘመኑ ከፍተኛ መነጋገሪያ የሆነ አልበም እንኳ ሙዚቃው ሳይነካ አለፈ ማለት ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐሳባችንን በቃል ብቻ ተናግረን እናልፋለን፤ አንጽፈውም። ያልተጻፈ ፍርድ ደግሞ ለነገ አይተርፍም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የዛሬውን አልበም ማን ሠራው፣ ማን ምን ተጫወተበት፣ ሰው እንዴት ተቀበለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከየት ያገኛል? በካሴት ዘመን የካሴቱ ሽፋን ወረቀት ላይ ቢያንስ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪው ስም ይገኝ ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናየው የድምፃዊውን ስም ብቻ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አዋጁ ለደራሲውም ለተጫዋቹም መብት ሰጥቷል። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው መብቱን በምን ይጠይቃል?

ሌላም አደጋ አለ። አንድ ነጠላ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ በሳምንት ውስጥ ሚሊዮን ተመልካች ካገኘ፣ አሥራ ሁለት ዘፈን ለመሥራት ዓመታትን የሚያጠፋ ሰው ለምን ይለፋ? አልበምን እንደ አልበም የሚሰማ ከሌለ የሚሠራውም እየቀነሰ ይሄዳል። ወደ ሁለት ዘፈን ሸክላው ዘመን እንመለሳለን፤ ያውም ያለዚያ የማታ ፈተና።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። አዲስ አልበም ሲወጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባለቤቱ በደረደረው ቅደም ተከተል ስሙት። ከወር በኋላ ድገሙት። ከዚያ ካልወደዳችሁት አልወደድኩትም በሉ፤ ምክንያቱን ግን ጻፉ። ቅንብሩ ነው? ግጥሙ ነው? ቀረጻው ነው? የአቀናባሪውንና የባሱን ተጫዋች ስም ፈልጋችሁ ጨምሩበት። ሦስት መስመርም ይበቃል። ዛሬ «ማሟያ ነው» ብለን የዘለልነው ሰባተኛ ዘፈን የነገው «የድሮ ዘፈን» ሊሆን ይችላልና፣ ያን ጊዜ ምስክሮቹ እኛ ብንሆን ይሻላል።