አፖማቶክስ (የእንጨት ጭነት መርከብ)

አፖማቶክስ እ.ኤ.አ. በ1896 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በዌስት ቤይ ሲቲ የጄምስ ዴቪድሰን መርከብ መሥሪያ የተሠራ የእንጨት ጭነት መርከብ ነው። ርዝመቱ 97 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዓለም ከተሠሩት ግዙፍ የእንጨት መርከቦች አንዱ ነበር። ይህን ያህል ርዝመት ለእንጨት ይከብዳል፤ ማዕበል ሲያነሳውና ሲጥለው ቀፎው ይለመጣል፣ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያም ውሃ ይሰርጋል። ስለዚህ ዴቪድሰን ቀፎውን በብረት አጠናከረው፤ የሚሰርገውን ውሃ ደግሞ በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ያወጣ ነበር።

ኖቬምበር 2 ቀን 1905 ሳንቲያጎ የተባለች ጭነት ተሸካሚ ጀልባ እየጎተተ ወደ ሚልዋኪ ሲቃረብ፣ ጉምና ከከተማዋ ፋብሪካዎች የወጣ ጭስ ጋርደውት ከሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ ጋር ተላትሞ ተቀረቀረ። የጫነውም የዚያኑ ጭስ እናት፣ የድንጋይ ከሰል ነበር። ሳንቲያጎ ስትድን አፖማቶክስን ማላቀቅ አልተቻለም፤ መርከበኞቹ ግን በሕይወት ተርፈዋል።

ስብርባሪው ዛሬ በሾርዉድ ከተማ አትዋተር የባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ 5 ወይም 6 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ሰፍሯል። ጨዋማ ባሕር ውስጥ እንጨት የሚቦረቡረው ትል ጨው አልባ በሆነው በዚህ ሐይቅ ስለሌለ፣ ጠላቂዎች ወፋፍራም የወለል ሳንቃዎቹን እስካሁን በእጃቸው ሊዳስሱ ይችላሉ።