አንድ ዐፅም፥ ሦስት ዕድሜ

ባገራችን ልማድ የአንድ ሰው ትውልድ ሲጠየቅ፥ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥራሉ። ከብዙ ሺህ ዘመን በፊት ሞቶ አፈር የተጫነው ሰው ግን ትውልዱን የሚቆጥርለት ሽማግሌ የለውም፤ ምስክሩ የተኛበት መሬት ብቻ ነው። ይህም ምስክር ቃሉን ባንድ ጊዜ አይሰጥም። በኦሞ ወንዝ አጠገብ የተገኘው ዐፅም ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1967 ዓ.ም. ከኬንያ፥ ከፈረንሣይና ከአሜሪካ የተውጣጡ መርማሪዎች ወደ ታችኛው የኦሞ ሸለቆ ወረዱ። ሪቻርድ ሊኪ ይመራው የነበረው የኬንያው ጓድ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ የሁለት ሰዎች ራስ ቅል አገኘ። አንደኛውን፥ «ኦሞ አንድ» የተባለውን፥ ያገኘው ካሞያ ኪሜው የተባለ ኬንያዊ ነው። የዚህ ሰው ራስ ቅል ከፍና ክብ ያለ፥ አገጩም እንደ እኛው የወጣ ነበር።

ዕድሜው በመጀመሪያ የተገመተው በዚያው ስፍራ በተለቀመ የውሃ ዛጎል ሲሆን፥ 130 ሺህ ዓመት ያህል ተባለ። ነገር ግን ዛጎል ከጊዜ በኋላም ከውሃው ባዕድ ነገር ስለሚቀበል፥ ምስክርነቱን የተጠራጠሩት ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። ክርክሩም ከቁጥር ያለፈ ነበር። ገሚሶቹ፥ የሰው ልጅ በአፍሪካ፥ በእስያና በአውሮፓ በየስፍራው ቀስ በቀስ የዛሬውን መልክ ያዘ ሲሉ፥ ገሚሶቹ ደግሞ ይህን መልክ በአፍሪካ ከያዘ በኋላ ወደ ሌላው ዓለም ተሰደደ ይሉ ነበር። ዐፅሙ በእርግጥ ጥንታዊ ከሆነ የሁለተኞቹ ቃል ይጸናል።

በ2005 ዓ.ም. ኢያን ማክዱጋል፥ ፍራንክ ብራውንና ጆን ፍሊግል ከዐፅሙ በታች ያለውን የእሳተ ገሞራ ዐመድ መርምረው፥ ዕድሜውን 195 ሺህ ዓመት ገደማ አደረሱት። ከዐፅሙ በላይ የተነጠፈው ሌላው ዐመድ ግን እንደ ዱቄት የላመ በመሆኑ ሳይለካ ቀረ።

በ2022 ዓ.ም. ሴሊን ቪዳልና ባልደረቦችዋ፥ ከነዚህም መካከል ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ሊቅ አስፋወሰን አሥራት፥ ለዚህ እንቆቅልሽ መፍቻ አገኙ። የላመውን ዐመድ ቅመም ከስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ጋር ቢያመሳክሩት፥ ዛሬ የሻላ ሐይቅ ከተኛበት ጉድጓድ የፈነዳ ሆኖ ተገኘ። የዚያ ፍንዳታ ዕድሜ 233 ሺህ ዓመት ያህል ነው፤ ስሕተቱም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 22 ሺህ ዓመት ቢሆን ነው። ዐመዱ ከላይ የወረደበት ዐፅም ከዐመዱ ይቀድማልና፥ ይህ ቁጥር የዕድሜው መጨረሻ ሳይሆን መነሻ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው ሰው የኛ ነው ብለን እንደምድምን? በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት ዐፅሞች 300 ሺህ ዓመት ገደማ እንደ ሆናቸው በ2017 ዓ.ም. ተገልጿል፤ ስለዚህ የሰው ልጅ በአፍሪካ ምድር ባንድ መንደር ብቻ አልበቀለም የሚሉ ሊቃውንት በርክተዋል። እንደዚሁም በ2010 ዓ.ም. የኔአንደርታል ሰው የዘር ውርስ ሲነበብ፥ ከአፍሪካ የወጡት ስደተኞች በመንገድ ካገኙዋቸው ወገኖች ጋር መዋለዳቸው ታወቀ። የስደቱ ቃል ጸና፤ የየስፍራውም ቃል ፈጽሞ ከንቱ አልሆነም።

እኛ አገራችንን የሰው ዘር መገኛ ብለን ስንጠራ ደስ ይለናል፤ ደስታውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በአንድ ቁጥር ላይ የተሠራ ኩራት ሌላ ቁጥር በመጣ ጊዜ ይፈርሳል። የማይፈርሰው፥ ዐፅሙ የተገኘበትን ምድር መጠበቅና ዐመዱን ራሳቸው መርምረው ከዓለም ሊቃውንት ጋር የሚከራከሩ ልጆችን ማስተማር ነው። ኦሞ አንድ ባለበት ሳለ ዕድሜው ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ የተለወጠው የኛ ዕውቀት ነው። አባቶቻችን እንዳሉት፥ እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል።