የጉምሩክ አስተላላፊ ማን ነው? ሥራውና የባለዕቃው ጥንቃቄ

ከውጭ የተገዛ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም የትራክተር መለዋወጫ ወደብ ስለደረሰ ብቻ ከባለቤቱ እጅ አይገባም። የሰነዱንና የቀረጡን ጉዳይ በባለዕቃው ስም የሚያስፈጽመው ባለሙያ የጉምሩክ አስተላላፊ ይባላል፤ በነጋዴው ዘንድ «ትራንዚተር» በሚለው ስም ይታወቃል።

በ1990 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ወዲህ የሀገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ከዚያ የሚጓጓዘው ዕቃ እንደ ሞጆና ኮምቦልቻ ባሉ ደረቅ ወደቦች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ በምትገኘው ቃሊቲ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት ይፈጸምበታል።

አስተላላፊው በቅድሚያ የመርከብ ጭነት ሰነድ (ቢል ኦፍ ሎዲንግ)፣ ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የሥሪት ሀገር ምስክር ወረቀትና የባንክ ፈቃድ ይረከባል። ቀጥሎም ዕቃውን በታሪፍ መጽሐፍ መድቦ ዲክላራሲዮን ያቀርባል። ዲክላራሲዮኑ በስጋት ደረጃው ይለያል፤ አረንጓዴ ያለ ፍተሻ ሲያልፍ፣ ቢጫ የሰነድ ምርመራ፣ ቀይ ደግሞ የዕቃ ፍተሻ ይደረግበታል።

ከሁሉም የሚከብደው ምደባው ነው። ቀረጥ የሚሰላው የዕቃው ዋጋ፣ የማጓጓዣና የመድን ወጪ ተደምሮ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ቀረጡ በታከለበት ዋጋ ላይ ይታሰባል። ለምሳሌ 100,000 ብር የሚገመት ዕቃ 10 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት፣ ከ15 በመቶው ታክስ ጋር 26,500 ብር ይከፈልበታል። በስህተት 30 በመቶ በሚከፈልበት ምድብ ቢገባ ክፍያው 49,500 ብር ይደርሳል። ሌሎች ታክሶች ሲጨመሩ ልዩነቱ ይሰፋል። ዝቅ ተደርጎ ቢመደብም የጎደለው ሂሳብ ከነቅጣቱ ይጠየቃል።

መዘግየትም ዋጋ አለው። በጊዜው ያልተነሣ ዕቃ የመጋዘን ኪራይ፣ በጊዜው ያልተመለሰ ኮንቴይነርም ተጨማሪ ክፍያ ያስከትላል። ለገበሬው ደግሞ የዘገየ ሞተር ያለፈ የመስኖ ወቅት ማለት ነው።

ስለዚህ ባለዕቃ የሆነ ግለሰብም ሆነ ኅብረት ሥራ ማኅበር አስቀድሞ ሊያጣራቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። የአስተላላፊው ፈቃድ በጉምሩክ ኮሚሽን የተሰጠና የጸና መሆኑን ማረጋገጥ፣ ውክልናውን በጽሑፍ መስጠት፣ የአገልግሎት ክፍያውን ከቀረጡ ለይቶ መዋዋል ተገቢ ነው። ቀረጥና ታክሱን ባለዕቃው ራሱ በባንክ ቢከፍል ይመረጣል፤ የዲክላራሲዮኑን ቅጂና ደረሰኙንም ይያዝ። የቀረበው መረጃ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂነቱ ባለዕቃውንም ሊነካ ይችላልና።