ኤላይዛ

ኤላይዛ በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ከዒላማው ጋር መጣበቁን፣ ኢንዛይም በተለጠፈበት ፕሮቲን አማካይነት በቀለም የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤቫ ኢንግቫልና ፒተር ፐርልማን አስተዋወቁት።

አሠራር፦ ለምሳሌ በትል ለሚመጣው ቢልሃርዚያ በሽታ ሲሆን፣ ከትሉ እንቁላል የተዘጋጀ አንቲጅን 96 ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይለጠፋል። የተመርማሪው ሴረም ሲጨመር አንቲቦዲ ካለ ይጣበቃል፤ የቀረው ይታጠባል። ቀጥሎ የሰውን አንቲቦዲ የሚይዝ፣ ፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም የተለጠፈበት ሁለተኛ አንቲቦዲ ይገባል። ዳግም ታጥቦ ቲኤምቢ የተባለ ቀለም ሰጪ ሲጨመርበት ጉድጓዱ ሰማያዊ ይሆናል፤ በአሲድ ሲቆም ቢጫ ይሆናል፤ ማሽንም በ450 ናኖሜትር ያነበዋል። እጥበቱ ከተጓደለ ከበሽታ ነፃ የሆነ ናሙናም ቀለም ያወጣል።

ጥቅምና ገደብ፦ የአንጀት ቢልሃርዚያ በጣና ዳር፣ በዘጌ ልሳነ ምድርም፣ የቆየ የጤና ችግር ነው፤ ሰው ሲዋኝ ወይም ልብስ ሲያጥብ ተውሳኩ በቆዳው ይገባል። ኤላይዛ እንቁላሉ በሰገራ የማይገኝበትን ቀላል ሕመም ሊጠቁም ይችላል። ሆኖም አንቲቦዲው በፕራዚኳንቴል መድኃኒት ከታከሙ በኋላም ስለሚቆይ የአሁኑን ሕመም ከቀድሞው አይለይም። ስለዚህ በመስክ ጥናት እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ የሚቆጥረው ካቶ ካትዝ ቦታውን አልለቀቀም።