አንጀሊካ ሮዜአኑ፦ የጠረጴዛ ቴኒስ ንግሥት

ከኔታንያ ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኘው የእስራኤል ብሔራዊ የስፖርት ማሠልጠኛ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከእንግሊዛዊው የጦር መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ነው፤ እኒህ መኮንን በ1933 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል ዘምተው አዲስ አበባ የገቡና በዚያም ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተሰየመላቸው ናቸው። በዊንጌት ማሠልጠኛ ግቢ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአይሁድ ስፖርተኞች የክብር አዳራሽ፣ በየስፖርቱ ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገቡ አይሁዳውያን የሚዘከሩበት ሲሆን፣ በመዝገቡ ከሰፈሩት የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቾች አንዷ አንጀሊካ ሮዜአኑ ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንጀሊካ በ1921 በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በራኬት የተካኑ በመሆናቸው በ1936 የሀገራቸው የሴቶች ሻምፒዮን ሆኑ፤ በ1938 ደግሞ በሃንጋሪ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድር አሸነፉ። ነገር ግን ሩማንያ ከናዚ ጀርመን ጎን በተሰለፈችበት ዘመን አይሁዳውያን በወጡባቸው የአድልዎ ሕጎች ምክንያት ወደ ስፖርት አዳራሽ እንኳ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ተጫዋቿም ጉልበታቸውና ቅልጥፍናቸው በጎለመሰበት ዕድሜ ለአራት ዓመታት ያህል ራኬት ሳይጨብጡ ቀሩ። እርግጥ ነው፣ በጦርነቱ የተነሣ የዓለም ሻምፒዮና ከ1940 እስከ 1946 ለማንም አልተካሄደም፤ ሆኖም ውድድር መቋረጡ አንድ ነገር ሲሆን፣ አንድን ሰው በትውልዱ ብቻ ከመለማመጃ ማባረር ሌላና እጅግ የከፋ በደል ነው።

በ1950 በቡዳፔስት አንጀሊካ በ28 ዓመታቸው የዓለምን የነጠላ ሻምፒዮንነት ተቀዳጁ። ነጠላ የሚባለው አንድ ለአንድ የሚደረገው ግጥሚያ ሲሆን፣ ጥንድ ሁለት ለሁለት፣ ቅልቅል ጥንድ ደግሞ ወንድና ሴት ተጣምረው የሚጫወቱት ነው። በነጠላው እስከ 1955 ድረስ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፉ ሲሆን፣ በጥንድ፣ በቅልቅል ጥንድና በቡድን ያገኙት ሲደመር የዓለም ድሎቻቸው 17 ይደርሳሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ቀሪዎቹ በልማድና በዝና የታገዙ ሲሆኑ፣ ያ ድል የተገኘው ከተሰረቀ ወጣትነት በኋላ ነበር።

ይህ የድል ዘመን ጨዋታው ራሱ የተለወጠበትም ነበር። በ1952 በቦምቤይ አንጀሊካ ሦስተኛውን ድል ሲያገኙ፣ በወንዶች የጃፓኑ ሂሮጂ ሳቶ በወፍራም ስፖንጅ በተሸፈነ ራኬት አሸነፉ። ቀድሞ የተለመደው ፊቱ እንደ ብጉር ጎርበጥ ያለ ላስቲክ ኳሷን ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ስለሚያሰማ ተጋጣሚ ምቱን በጆሮውም ይገምት ነበር፤ ስፖንጁ ግን ድምፁን ውጦ ኳሷን በፍጥነት ስለሚያስፈነጥር የመከላከል ስልትን አዳከመ፤ የጃፓን የበላይነትም ከዚህ ጀመረ።

አንጀሊካ በ1960 ወደ እስራኤል መጥተው በሐይፋ ኖሩ፤ በ1961ም ከየሀገሩ የሚመጡ አይሁዳውያን ስፖርተኞች በሚገናኙበት በማካቢያ ጨዋታዎች አሸነፉ። በ2006 በሐይፋ ዐረፉ። ከ1955ቱ ድላቸው ወዲህ የእስያ ተጫዋች ያልሆነች አንዲትም ሴት የዓለምን የነጠላ ሻምፒዮንነት አላገኘችም።